ያልተላከው የሞንቴላርዶ ታሪክ

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወረቀት ላይ ሲያንቀላፋ ኖሮ፣ ቁርጥ ቀን ሲመጣ አንዲት ገጽ እንኳ አልላከም» እያለች ነበር የጫማ ሰሪው ሚስት ቪንቼንዛ፣ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ኮሲሞ ዳቦ ቤት ስገባ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ስለነበር አላየችኝም። ኮሲሞ ከባንኮኒው ማዶ ሆኖ ሳል ሳል ቢልላትም ነገሩ አልገባትም። የምታማው ወንድሜን ዶን ሳቢኖን ነው። ሐሙስ ዕለት የፖርቶሳልቮው ሊቀ ጳጳስ ጸሐፊ ማዘጋጃ ቤት መጥቶ ነበርና እዚያ የተናገረውን ነው የምታወራው። ሮም ትንንሾቹን አህጉረ ስብከት ከትልልቆቹ ጋር ከመቀላቀሏ በፊት እያንዳንዱ ከተማ ታሪኩን ጽፎ እንዲልክ ጠይቃ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ከእኛ ዓሣ ገበያ የማይበልጥ ከተሞች ሳይቀሩ ልከዋል፤ ከሞንቴላርዶ ግን አንድም ነገር አልደረሰም ብሏል። «ዘጠኝ መቶ ዓመት ሊቀ ጳጳስ የተቀመጠበት ከተማ፣ በአንድ ሰነፍ ሽማግሌ የተነሳ የፖርቶሳልቮ ጭራ ሆኖ ቀረ» አለችና ዳቦዋን ታቅፋ ዞር ስትል ዐይን ለዐይን ተጋጨን። ፊቷ በርበሬ መሰለ። «ሲኞሪና ኢንኮሮናታ፣ እንዴት አደሩ? ብርዱስ እንዴት ይዞዎታል?» አለችኝ። «ጉልበቴን ነው እንጂ ደህና ነኝ» አልኳት። ኮሲሞ አፍሮ ነው መሰል ዳቦዬን ሳይመዝን ሰጠኝ፤ የወትሮዬን ሺህ ሰባት መቶ ሊሬ ከፍዬ ወጣሁ። መናገር የነበረብኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረች፦ ወንድሜ ጽፏል፣ ያልላክሁት እኔ ነኝ። አፌ ድረስ መጥታ ተመለሰች።

የምንኖረው ከካቴድራሉ ጀርባ፣ ለካህናት በተሠራው አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት መኝታ ክፍል፣ እንግዳ የማይመጣበት የእንግዳ ክፍልና ኩሽና አለን። ክረምት ሲገባ ግን የምንኖረው ኩሽናው ውስጥ ብቻ ነው፤ የጋዙ ሲሊንደር ዘንድሮ እንደገና ስለጨመረ ሁለት ክፍል ማሞቅ አይታሰብም። ሳቢኖ የካቴድራሉ መዝገብ ቤት ኃላፊ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ መናዘዣው ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ የሰው ኃጢአት ይሰማል። እኔ የሳቢኖ እህት ነኝ። ሥራሽ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር ከዚህ ሌላ መልስ የለኝም። በሃያ አራት ዓመቱ ካህን ከሆነ ጀምሮ አብስዬለታለሁ፣ አጥቤለታለሁ፣ ነጩን ኮሌታውን ተኩሼለታለሁ፤ አሁን እሱ ሰባ አራት፣ እኔ ስልሳ ስምንት ደርሰናል። የቄስ ቤት ይዛ የምትኖር እህት ባለትዳር አይደለች፣ መነኩሲት አይደለች፤ ሰርግ ስንጠራ የት እንደሚያስቀምጡን ይጨንቃቸዋል። አላማርርም፤ ማንም አላስገደደኝም።

ካቻምና ከፋሲካ በፊት፣ በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለና በሲባጎ የታሰረ ጥቅል ሰጠኝ። ሦስት መቶ አርባ ገጽ ነው። አንዲት መነኩሲት በሁለት ጣቷ ሰባት ወር የተየበችው የሞንቴላርዶ ሊቀ ጵጵስና ታሪክ። «ናታ፣ በአደራ ፖስታ ላኪው። እስከ ወሩ መጨረሻ ሮም መድረስ አለበት» አለኝ። እሱ ትኩሳት ይዞት ተኝቶ ነበር። ፖስታ ቤት ስደርስ ጡረታ የሚከፈልበት ቀን ኖሮ ሰልፉ በር ድረስ ወጥቷል። ጥቅሉን ጭኔ ላይ አድርጌ አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት፣ ሳቢኖ እራት ላይ ብርቱካን እየላጠ አንድ ነገር ነግሮኝ ነበር። መንበሩ ከተረፈ ሊቀ ጳጳሱ ምክትላቸው ሊያደርጉት ይፈልጋሉ፤ ግቢያቸው ገብቶ አብሯቸው እንዲኖርም ጠይቀውታል። በዚያ ግቢ የሚያበስሉት ሦስት መነኮሳት ናቸው፤ እህት የሚባል አይገባም። ምንም አልጠየቅሁትም። ሳህኑን አንስቼ አጠብሁ። ከዚያች ማታ ጀምሮ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ይህ ቤት ለሌላ ካህን ይሰጣል፤ እኔ ቶሪኖ ያለችው የእህታችን ልጅ ዘንድ ሄጄ፣ ሲዘረጋ አልጋ የሚሆን ሶፋ ላይ፣ የሰው ሳሎን ውስጥ እሞታለሁ እያልኩ እገላበጥ ነበር። ፖስታ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጬም ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ይህ ጥቅል ከሄደ እኔም ሄድሁ። ተራዬ ሲደርስ ተነስቼ ወጣሁ። ነገ እልካለሁ አልኩና ከአልጋዬ ሥር ያለችው ሻንጣ ውስጥ አስገባሁት። በነገታውም ነገ አልኩ። ወሩ አለቀ። «ላክሽው?» ብሎ የጠየቀኝ አንዴ ብቻ ነው። «ላክሁት» አልኩት። አመነኝ፤ ሐኪም የከለከለውን ጨው ሾርባው ውስጥ ደብቄ ከመጨመር በቀር ዋሽቼው አላውቅም ነበርና።

ከሮም መልስ አልመጣም። አሮጌው ሊቀ ጳጳስ በዚያው በጋ ሞቱ፤ ነገሩን ተከታትሎ የሚጠይቅ ሰውም አብሯቸው ሞተ። ባለፈው መስከረም አንድ ገጽ ወረቀት መጣ፦ የሞንቴላርዶ ሊቀ ጵጵስና ከፖርቶሳልቮ ጋር ተቀላቅሏል፣ መንበሩም እዚያ ይሆናል። ሳቢኖ ኩሽና ውስጥ ቆሞ አነበበው። «አንብበውት ነው፤ አንብበው ሳቁብኝ» ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ቀን ወዲህ ብዕር አላነሳም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ምሳ ላይ ማውራት ማቆሙ ነው። ወንድሜ ስልሳ አንዱን ሊቃነ ጳጳሳት እንደ ጎረቤት ነበር የሚያወራቸው። ሐብሐብ አብዝተው በልተው የሞቱትን ሞንሲኞር ኦታቪዮን፣ በረሃብ ዘመን ትልቁን ደወል ሸጠው ዱቄት የገዙትን፣ ወረርሽኝ በገባ ጊዜ በራቸውን ቆልፈው ካህናቱ ዓመት ሙሉ ስማቸውን በጸሎት አንጠራም ያሏቸውን፣ የፈረንሳይ ወታደሮች ካቴድራሉን ጋጣ ሲያደርጉት በፈረሶች መሐል ቀድሰው «ፈረሶቹ አልተንበረከኩም እንጂ ከወታደሮቹ የተሻለ ሥነ ሥርዓት ነበራቸው» ያሉትን፤ ሁሉንም ከአጎቶቼ ልጆች ይበልጥ አውቃቸዋለሁ። «ሾርባህን ጠጣ፤ ሞንሲኞር እንደሆኑ ሞተዋል፣ የትም አይሄዱብህም» እያልኩ እነዘንዘው ነበር። አሁን አምስት ወር ሆነው፤ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው። ያንን ዝምታ ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ በየቀኑም አብሬው እበላዋለሁ።

እንግዲህ ሰኞ ሳቢኖ የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ ለዚያ ጸሐፊ ያስረክባል። ጸሐፊው ለማዘጋጃ ቤቱ የነገረውን ለእሱም ይነግረዋል፤ ያን ጊዜ ወንድሜ ሁሉንም ይረዳል። ከሰው አፍ ከሚሰማ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ ብዬ ወሰንኩ፣ ዳቦውን ይዤ ደረጃውን ስወጣ። ራሴን አላሞግስም፤ የወሰንኩት ነገር ተንኮል ነበረበት። እስከዚያ ቀን ድረስ ለሳቢኖ ተናዝዤ አላውቅም። ለገዛ ወንድም ኃጢአትን መናገር የውስጥ ልብስን እንደ ማሳጠብ ነው። እኔ የምሄደው አባ ኤጂዲዮ ዘንድ ነው፤ ጆሯቸው ስለማይሰማ ግማሹ ሰፈር የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። ለእሳቸውም ቢሆን ሐሜቴንና ቁጣዬን ዘርዝሬ ጥቅሉን ዘልዬ፣ እሑድ እሑድ ከሳቢኖ እጅ ስቆርብ ኖሬያለሁ። ታዲያ ካህን በመናዘዣው ሳጥን የሰማውን ከዚያ ውጪ አይናገርም። ለጳጳስ አይናገርም፣ በቤቱ ማዕድ ላይ አያነሳም፣ ለነገረው ሰው ለራሱ እንኳ በፊቱ ገጽታ አያሳይም። እዚያ ከነገርኩት ያውቃል፣ እኔም ይቀለኛል፤ ምሳ ላይ ግን አንድ ቃል ሊናገረኝ አይችልም። ሽምብራውን እሳት ላይ ጥጄ፣ ነጠላ ጫማዬን በጥቁሩ ጫማዬ ቀይሬ ወረድሁ።

ካቴድራሉ ከውጪው ይበልጥ ይቀዘቅዛል። አዲሱ ሊቀ ጳጳስ እዚህ የሚቀመጡት በዓመት ሁለቴ ስለሆነ ወንበራቸው ላይ ነጭ አንሶላ ጥለውበታል። ከፊቴ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ አንደኛዋ ቶሎ ጨረሰች፣ ሁለተኛዋ ግን ምን እንደሠራች እንጃ ሩብ ሰዓት ፈጀች። ተራዬ ሲደርስ ተንበረከክሁ። በመሐላችን ባለው የሳጥኑ ወንፊት በኩል የሳቢኖ የሳል ከረሜላ ሸተተኝ፤ ያን ከረሜላ የምገዛለት እኔ ነኝ።

«ይባርኩኝ አባቴ፣ በድያለሁ» አልኩ።

ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። «ናታ? ምን ሆነሻል? አባ ኤጂዲዮ አሟቸው ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አባቴ፣ ለእርስዎ ልናዘዝ ነው የመጣሁት።»

ወንድሜን እርስዎ ብዬው አላውቅም።  ድምፁ ተለወጠ፤ ለሁሉም ሰው የሚያወጣው ድምፅ ሆነ። «እሺ ልጄ፣ ቀጥዪ» አለኝ። ነገርኩት። ሲባጎውን፣ ሰልፉን፣ ሻንጣውን፣ «ላክሁት» ያልኩትን ውሸት፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኩት። ለምን ብሎ ቢጠይቀኝ የምመልሰውን አዘጋጅቼ ነበር፤ ለምን አላለኝም። የጠየቀኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው። «አሁን የት ነው ያለው?» አለኝ፤ «ከአልጋዬ ሥር» አልኩ። «ሳትናዘዢው ስንት ጊዜ ቆርበሻል?» አለኝ፤ «መቁጠር አልችልም አባቴ» አልኩ። ከወንፊቱ ማዶ ትንፋሹ ብቻ ይሰማኝ ነበር፤ ደረጃ የሚወጣ ሰው ትንፋሽ ነበር። በመጨረሻ «ልጄ፣ ቢደርስም ላያድን ይችል ነበር። ሮም ቀድማ የወሰነችው ይሆናል። ይህን ሸክም ብቻሽን አትሸከሚው» አለኝ፤ ሦስት መቁጠሪያ እንድደግም አዘዘኝና እጁን አንስቶ ፈታኝ። መጨረሻው ቃል ላይ ድምፁ ተሰበረ፤ አስሎ አስተካከለው። ጎን ካለው መሠዊያ ፊት ሄጄ ሦስቱን መቁጠሪያ ደገምሁ። ያን ያህል ጊዜ እፎይ ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ያ እፎይታ ነው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ደረጃውን ከወትሮው ቀስ ብሎ ነው የወጣው። ባርኔጣውን ሰቀለ፣ እጁን ታጠበ፣ ማዕዱን ባረከ። ፓስታ በሽምብራ አቀረብኩለት። ዐይኔን ከሳህኔ ሳላነሳ የማንኪያውን ድምፅ ስጠብቅ፣ ወንድሜ አፉን ከፈተ። «ሞንሲኞር ኦታቪዮ ሐብሐቡን የበሉት ነሐሴ አሥራ አራት ነው ብዬሽ ነበር አይደል? ተሳስቼ ኖሯል፤ አሥራ ሦስት ነው» አለና ሳቀ። አምስት ወር ሙሉ የጠበቅሁት ድምፅ ነው፤ ሲመጣ ግን አንጀቴን በላው። ቀጠለ። የደወሉን ነገር አወራኝ፣ የፈረሶቹን አወራኝ፣ ጠጅ የመሰለውን ጣፋጭ ወይን ሳልጠይቀው ቀዳልኝ፣ ምግቡ ዛሬ ሆነልሽ አለኝ። ጨው የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ጭራሽ ረስቼዋለሁ። ማንኪያውን ሲያነሳ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ሽምብራው ጠረጴዛው ላይ ይንጠባጠባል፤ እሱ ደግሞ እኔ እንዳላይ በክርኑ ይሸፍነዋል። ያን ጊዜ ገባኝ። የሰማውን በፊቱ ማሳየት ስለማይፈቀድለት፣ እንዳያሳይ ሲል ከወትሮው በላይ ደስ ያለው መሰለ። የፈለግሁትም ይህንኑ ነበር። ማንኪያዬን አስቀመጥሁ።

«ሰኞ ጸሐፊውን ምን ትለዋለህ?» አልኩት።

«ስለ ምኑ?»

«ከሞንቴላርዶ ምንም አልደረሰም ብሎ ለማዘጋጃ ቤት ተናግሯል። ዳቦ ቤት ድረስ ወርዷል ወሬው። ሰነፍ ሽማግሌ ነው የሚሉህ።»

ማንኪያው አየር ላይ ቆመ። ፊቱ ግን ምንም አልሆነም። «የምለው የለኝም። ያሉትን ይበሉ» አለና ዳቦ ቆረሰ።  ለካስ የሰፋሁት በእኔ በኩል ያለውን አፉን ብቻ አይደለም። ሰኞ ቁልፉን አስረክቦ፣ ሰነፍ ሲሉት ራሱን ነቅንቆ፣ ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ በገዛ ከተማው መንገድ ሰነፉ ዶን ሳቢኖ ሆኖ ሊሄድ ነው፤ አንዲት ቃል ተናግሮ ራሱን መከላከል አይችልም። ይህንንም እጁን አንስቶ ሲፈታኝ አውቆታል። አውቆ ነው የፈታኝ።

ተነስቼ መኝታ ክፍሌ ገባሁ። ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ጎትቼ ከፈትሁና ጥቅሉን አምጥቼ በሁለታችን ሳህን መሐል አስቀመጥሁት።

«ሳቢኖ፣ ይህን አልላክሁትም» አልኩ። «ካቻምና ላክሁት ያልኩህ ዋሽቼህ ነው። አሁን የምነግርህ ኩሽና ውስጥ ነው፣ ወንድሜ ስለሆንክ ነው የምነግርህ። ለፈለግኸው ሰው መናገር ትችላለህ። እኔንም የፈለግኸውን በለኝ።»

ራሱ ያሰረውን ቋጠሮ ረጅም ጊዜ አየው። አልነካውም። ሳህኑን ገፋ አደረገ።

«ለምን?» አለኝ።

«ወደ ሊቀ ጳጳሱ ግቢ ስትገባ ብቻዬን እንዳልቀር ብዬ።»

«ማነው እገባለሁ ያለሽ?»

«አንተ ነሃ። እራት ላይ ብርቱካን እየላጥክ። ሊቀ ጳጳሱ ጠየቁኝ አልከኝ እኮ።»

«ጠየቁኝ አልኩሽ። እሺ አልኳቸው አላልኩሽም።»

 «ታዲያ ምን አልካቸው?» አልኩት።

«እህቴ የማትገባበት ቤት አልገባም አልኳቸው። ሳቁብኝ። እንግዲያው ደረጃህን እየወጣህ ኑር አሉኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምኑን ነው የምነግርሽ?» አለ። «ናታ፣ ምኑ ነው የሚነገረው? ሌላ ምን እላለሁ ብለሽ ነው? አምሳ ዓመት አብረሽኝ ኖረሽ ሌላ ምን ይላል ብለሽ ነው?»

ከዚያ ጮኸ። ደወል ደዋዮቹ ሰክረው ሲመጡ እንኳ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው ወንድሜ ጠረጴዛውን በመዳፉ መትቶ ጮኸ። ብርጭቆው ወደቀ፤ ወይኑ ወደ ጥቅሉ ሲፈስ ሁለታችንም አላነሳነውም። ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት፣ አንዲት ጥያቄ ምን ይገድልሽ ነበር እያለ ጮኸ። እንባው በጉንጩ ላይ ይወርዳል። «ያድነን ነበር» አለ። «ሁሉም እዚህ ውስጥ ነበር፤ ስልሳ አንዱም ነበሩበት። አንብበውት ቢሆን ያድነን ነበር።» ከግድግዳው ማዶ ጎረቤታችን ሬዲዮዋን ዘጋች። እኔ እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ሳላቋርጠው ሰማሁት። ሳጥኑ ውስጥ የነበሩት አባት ላያድን ይችል ነበር ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ያመንኩት ወንድሜን ነው።